ወንዝ አሻጋሪው ጋሻው፦ የአንድ ገጸ ባሕርይ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ

የምንሠራው የቪዲዮ ጨዋታ በአጭሩ ይህ ነው። ጎርፍ ድልድይ ወስዷል። የድልድዩ ዘበኛ የነበረው ግዙፍ ፍጡር ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ይልቅ መንገደኞችን በሁለት እጁ ይዞ ከዳር ወደ ዳር ያሻግራል። ተጫዋቹ የሚመራው ይህንኑ ዘበኛ ነው፤ ስሙን ጋሻው ብለነዋል። ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው፦ ንድፉ፣ ሞዴሉና አኒሜሽኑ የእኔ ድርሻ ነው፤ ፕሮግራሙን የምትጽፍ አንዲት ባልደረባ አለችን፤ ድምፁን ሌላው ባልደረባችን ይዞታል። ከእኔ የሚጠበቀው ሲያዩት የሚያስፈራ፣ ሲያውቁት ግን ሆደ ቡቡ የሆነ ገጸ ባሕርይ ነው።

እንዲህ ያለ ፍጡር በቪዲዮ ጨዋታ ዓለም ሞልቷል፤ የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው። ግዙፉ ሰውዬ ድመት ያቅፋል፤ ካልሆነም አበባ ያሸታል፤ ያም ካልሆነ አንዲት ሕፃን ልጅ ከኋላው ትከተለዋለች። ተመልካቹ ምልክቱን አይቶ «ገባኝ፣ ደግ ነው» ይልና ያልፋል። ድመቷን ብትወስዱበት ግን የሚቀረው የሚያስፈራ አካል ብቻ ነው። ደግነቱ የራሱ ሳይሆን የድመቷ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራውን ስጀምር ከግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ድመት የለም፣ አበባ የለም፣ ሕፃን የለም። የጋሻው ርኅራኄ ከጉልበቱ መውጣት አለበት። ሊሰብረው የሚችለውን ነገር ሳይሰብር ሲቀር አይተን ነው ልቡን የምናውቀው።

ማክሰኞ

ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ከፍቼ በጥቁር ብሩሽ ብቻ ስሥል ዋልኩ። ዐይን የለም፣ ልብስ የለም፣ ቀለም የለም፤ ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ። ተጫዋቹ ጋሻውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከጀርባውና ከሩቅ ስለሆነ ጥላው ካልተናገረ ፊቱ ቢያምር አይጠቅመንም። የተኩስ ጨዋታው ቲም ፎርትረስ 2 እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ሠሪዎቹ ዘጠኙን የተዋጊ ዓይነቶች በቅድሚያ ከጥላቸው እንዲለዩ አድርገው መንደፋቸውን በጽሑፍ አስረድተዋል፤ በጥድፊያ ላይ ያለ ተጫዋች ገጽታን አንብቦ ለመወሰን ጊዜ የለውም።

የቅርጽ ቋንቋ የሚባለውን ሁሉም የዘርፉ ሰው ያውቀዋል። አራት ማዕዘን ጽናት ነው፣ ሦስት ማዕዘን ስጋት ነው፣ ክብ ልስላሴ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ስላወቀው ሰልችቷል። ደግ ግዙፍ ሥሩ ከተባልን ወዲያው ድቡልቡል እናደርገዋለን፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራዋል? እኔ ጋሻውን ከላይ እስከ ታች በአራት ማዕዘን ገነባሁት። ትከሻው የተጠረበ ድንጋይ፣ እግሮቹ የድልድይ ምሰሶ፣ አንገት የሚባል ነገር የለውም። ሦስት ማዕዘንን ጨርሶ አስወገድኩ፤ ቀንድ፣ እሾህ፣ ሹል ትጥቅ የለም። ሹልነት ጥቃት ይጠቁማል፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ዘበኛ እንጂ አጥቂ አይደለም።

ክብ ቅርጽ የሰጠሁት ለአንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ለመዳፉ። ሁለቱ እጆች ሲገጣጠሙ የሚፈጠረው ጎድጓዳ ስፍራ በመላ አካሉ ላይ ያለ ብቸኛው ክብ ነው። እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ አይታይም። ለመንገደኛ ሲዘረጋ ብቻ ይከፈታል።

ጥላዎቹን 64 ፒክሰል እስኪሆኑ አሳንሼ በአንድ ረድፍ ደረደርኳቸው። ከርቀት እጁ ከወገቡ የማይለይባቸውን ሁሉ ጣልኩ። የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ ይሻላል።

ረቡዕ

ስለ ጭንቅላቱ ከፕሮግራመሯ ጋር ተከራከርን። እርሷ ትንሽ ከፍ ይበልና ዐይኖቹ ይጉሉ ትላለች። ያለ ምክንያት አይደለም። የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 እንደጻፈው ትልቅ ጭንቅላት፣ ሰፊ ግንባር፣ ከፊት መሀል ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዐይኖችና ድቡልቡል ጉንጭ የሕፃን መልክ ስለሆኑ ሰው ሲያያቸው አንጀቱ ይላወሳል። የካርቱንና የጨዋታ ነዳፊዎች በዚህ ዕውቀት ሲጠቀሙ ኖረዋል።

«አንቺ የምትይው ይሠራል» አልኳት፤ «ግን የሚሠራው ገና በመጀመሪያው ዕይታ ነው። ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ሰከንድ ከወደደው በኋላ ምን ያገኛል?» ጋሻው እንዲታወቅ እንጂ እንዲያሳዝን አልፈልግም። ስለዚህ የተገላቢጦሹን አደረግሁ። አዋቂ ሰው በአማካይ ሰባት ተኩል ያህል የራሱን ጭንቅላት ይረዝማል፤ ጋሻውን ዘጠኝ ጭንቅላት አደረግሁት። ጭንቅላቱ ባነሰ ቁጥር አካሉ ይገዝፋል። ግንባሩ ጠባብ ነው፤ ዐይኖቹ ትንንሽና ከቅንድቡ አጥንት ሥር የተቀበሩ ናቸው።

አፉን ደግሞ በዘበኛ ቁሩ አገጭ መሸፈኛ ደበቅሁት። አፍን መደበቅ የቆየ ብልሃት ነው፤ ማሪዮ እ.ኤ.አ. በ1981 በዶንኪ ኮንግ ጨዋታ ብቅ ሲል ጢም ያወጣው በእነዚያ ጥቂት ፒክሰሎች አፍ መሣል ስለማይመች ነበር። እኔ ቦታ አጥሮኝ አይደለም። ፈገግታን ለመከልከል ነው። አፍ ካለው ፈገግ እንዲል መፈለጌ አይቀርም፤ ፈገግ ካለ ደግሞ እጁ የሚናገረውን አፉ ይቀድመዋል።

ስለዚህ ከፊቱ የቀረኝ ቅንድብ ብቻ ሆነ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት የፊት እንቅስቃሴ መለያ ሥርዓት ቁጥር 1 የቅንድብን የውስጥ ጫፍ ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ቁጥር 4 ቅንድብን ወደ ታች መሳብና ማቀራረብ። የጋሻውን ቅንድብ በቁጥር 4 ሁኔታ ላይ እንዳለ ቀረጽኩት። ጡንቻው ስለተሳበ አይደለም፣ አጥንቱ ራሱ እንደዚያ ነው። ምንም ሳይሰማው ቆሞ የተቆጣ ይመስላል። (እንዲህ ያለ ፊት ይዘው የተወለዱ ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው ያውቃሉ።) ቁጥር 1ን ግን ለሁለት አጋጣሚዎች ብቻ አስቀመጥኩት፦ መንገደኛው ከእጁ ሊንሸራተት ሲል፣ እና መንገደኛውን ሲያመው። ቁጥር 1 እና ቁጥር 4 ሲደራረቡ የጭንቀት ፊት ይሆናል። ብዙ ተጫዋቾች አያዩትም ይሆናል፤ ያየ ግን ይይዘዋል።

ሐሙስ

ሞዴሉን ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም እየቀረጽኩ ነው። ስለ መጠኑ ለመወሰን ወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራሁ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው አንድ አካል በሁሉም አቅጣጫ ሦስት እጥፍ ቢያድግ ክብደቱ 27 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የአጥንቱ ውፍረት ስፋት ግን 9 እጥፍ ብቻ ነው። ጋሻው ከሰው ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ወደ አምስት ሜትር ነው። የሰውን እግር አሳድጎ መስጠት አይበቃም። ስለዚህ እግሮቹንና ቁርጭምጭሚቶቹን አወፈርኩ። ተጫዋቹ ሒሳቡን አያውቀውም፤ እግሩ ከቀጠነ ግን «ይህ ነገር ክብደት የለውም» ብሎ ይሰማዋል። ክብደት ከሌለው ደግሞ ጥንቃቄው ትርጉም ያጣል፤ ላባ ቢጠነቀቅ ማን ይደነቃል?

ልብሱ፣ ቀለሙ፣ ዝገቱ በአንድ ከሰዓት ተጠናቀቀ። ግራጫ፣ የዝገት ቡኒ፣ ከጉልበት በታች የወንዝ ጭቃ። የመዳፉ ውስጥ ብቻ ንጹሕ ነው። ታጥቦ ሳይሆን መንገደኛ እየተቀመጠበት የተሻሸ ነው።

ዓርብ

የአጥንት ሥራ፤ ማለትም ሞዴሉን የሚያንቀሳቅሱትን የኮምፒውተር አጥንቶች መሥራት። ከዚህ ሁሉ የምወደውም የሚያማርረኝም ይህ ነው።

የጋሻው ድራማ በሙሉ ያለው ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ስለሆነ ለእጁ ያወጣሁት ጊዜ ለቀረው አካሉ ካወጣሁት ይበልጣል። መዳፉን ወደ ላይ ሲያዞር የክንዱ ቆዳ አንጓው አጠገብ እንደ ከረሜላ መጠቅለያ ተጠምዝዞ ይኮማተራል። ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ ኮምፒውተሩ የሁለት አጥንቶችን እንቅስቃሴ በቀጥታ ሲያማክል መሀል ላይ ያለው ሥጋ መጠኑን ያጣል። መፍትሔው በክንዱ ርዝመት ረዳት የመጠምዘዣ አጥንቶችን መደርደር ነው፤ አንጓው የሚዞረውን ዙር ተከፋፍለው ይወስዱታል። ሦስት አስገባሁ። አሁን ክንዱ ሲዞር ውፍረቱ እንዳለ ይቆያል።

ከዚያ የጣቶቹ ጫፎች። የሰው ጣት ሲጫን ጫፉ ይሰፋል፤ ያ ትንሽ መስፋት ነው «ነካ» የሚለውን የሚነግረን። ለእያንዳንዱ ጣት ጫፍ አንድ የቅርጽ ለውጥ ጨመርኩ። ፕሮግራመሯ «ከካሜራው ርቀት ማን ያየዋል?» አለችኝ። ካሜራውን እንድታቀርብልኝ ጠየቅኋት፤ አቀረበችልኝ።

ቅዳሜ

አካሄድ። እግር ሲራመድ በከፊል እንደ ፔንዱለም ስለሚወዛወዝ ጊዜው ከርዝመቱ ካሬ ሥር ጋር ይሄዳል። ሦስት እጥፍ የረዘመ እግር 1.7 እጥፍ ያህል ይዘገያል። ሰው በተለመደ አካሄድ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይረግጣል፤ የጋሻው አንድ እርምጃ እንግዲህ ወደ 0.87 ሰከንድ ነው፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቆጠር 52 ፍሬም። ከዚህ ቁጥር ጀምሬ በዐይን አስተካከልኩ።

የሚገርመው ነገር የመጣው ባዶ እጁን ሲሄድና ሰው ይዞ ሲሄድ ያለውን ልዩነት ስሠራ ነው። ባዶ እጁን ሲሄድ አካሉ በሙሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መሬቱም ይርዳል። ሰው ሲይዝ እግሮቹና ዳሌው እንደዚያው ይናጣሉ፤ እጆቹ ግን በአየር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይዘው ይጓዛሉ። ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ትከሻው ሁሉ ንቅናቄውን እየተቀባበሉ ይውጡታል። ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን አድርጌ ለድምፅ ባልደረባችን አሳየሁት። በእንቅስቃሴው ምን ለማሳየት እንደፈለግሁ ገና አላስረዳሁትም ነበር። «በእጁ የያዘው ምንድን ነው? ይሰበራል?» አለ። በእጁ የያዘው ገና ግራጫ ሳጥን ነበር።

እጁን የሚዘረጋበትን እንቅስቃሴም ዛሬ ጨረስኩ። የከባድ ገጸ ባሕርይ ምት አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ብሎ ይነሳና በፍጥነት ያርፋል። ይህን ገለበጥኩት። ከትከሻ እስከ መንገደኛው አጠገብ 20 ፍሬም፤ የመጨረሻዋ ስንዝር ብቻ 40። ተጫዋቹ ቁልፍ ከተጫነ በኋላ እንዳይጠብቅ ጣቶቹ ከመጀመሪያው ፍሬም ጀምሮ መዘርጋት ይጀምራሉ። ከዚያ መዳፉ መሬት ላይ ያርፋል፤ ጋሻውም ይጠብቃል። ሰውን አንሥቶ አይወስድም። መንገደኛው በራሱ እግር ሲወጣበት ብቻ ነው የሚነሣው።

ሰኞ

መቆጣጠሪያው ላይ ደረስን። በአብዛኞቹ የዛሬ መቆጣጠሪያዎች በስተጀርባ ያሉት ሁለት ቃታዎች «ተጫነ» ወይም «አልተጫነም» ብቻ አይሉም፤ ምን ያህል እንደተሳቡ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይናገራሉ። የጋሻውን ጣቶች ከቀኙ ቃታ ጋር አገናኘናቸው። ከ0.3 በታች መንገደኛው ይንሸራተታል። ከ0.7 በላይ ያመዋል። በመሀል ያለችው ስፋት የጨዋታው ልብ ናት፤ የተጫዋቹ ጣት ራሱ ለስላሳ መሆን አለበት።

የተለመደ የቁልፍ ሰሌዳ ግን ይህን አያውቅም፤ ቁልፉ ወይ ታች ነው ወይ ላይ። ፕሮግራመሯ ዋጋው ቁልፉ ሲያዝ ቀስ ብሎ እንዲጨምር፣ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ እንዲቀንስ አደረገች፤ ተጫዋቹ እየነካ እየለቀቀ ሚዛኑን ይጠብቃል። ጣቱ ለሚደክም ወይም ቃታ መያዝ ለማይችል ደግሞ ጭብጡ በአንድ ንክኪ ጸንቶ የሚቆይበት ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ ገብቷል።

መንገደኛው ሲያመው ለማሳየት በጋሻው ደረት ላይ ቀለም የሚቀይር መብራት እንድናደርግ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በባዮሾክ ጨዋታ (እ.ኤ.አ. 2007) የግዙፉ ጠባቂ የቢግ ዳዲ የራስ ቁር መስኮቶች ሲረጋጋ ቢጫ፣ ሲቆጣ ቀይ ያበራሉ፤ ከሩቅ የሚነበብ ድንቅ ሐሳብ ነው። እኛ ግን ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ተጫዋቾችን ማሰብ ነበረብን፤ ከዚያም በላይ መብራት ካለ ተጫዋቹ መብራቱን እንጂ ሰውየውን አያይም። መብራቱን ትተን መንገደኛው ራሱ እንዲናገር አደረግን፦ ትከሻውን ይሰበስባል፣ ትንፋሹ ይቆረጣል።

ረቡዕ

ከውጭ የመጡ ሰዎች ዛሬ ተጫወቱ። ዐይነ ስውሯን አሮጊት ሁሉም በጥንቃቄ አሻገሩ። ሸክላ ሠሪውን ከነገንቦዎቹ እየተሳሳቁ አሻገሩ። ከዚያ ነጋዴው መጣ። ነጋዴው ክፉ ምላስ አለው፤ ጋሻውን «አንተ ግንድ» እያለ ይሰድበዋል፣ ይቸኩላል፣ ያማርራል። ተጫዋቾቹ ቃታውን እስከ ጥግ ሳቡት። አንዱ ሲስቅ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻለም።

እኔ ይህን ስጠብቅ ነበር፤ ነጋዴውን የጻፍኩት ለዚሁ ነው። ለአሮጊት መራራት ቀላል ነው። የጋሻው ልብ የሚታየው በሚሰድበው ሰው ላይ ነው። ተጫዋቹ ሊያደርገው የፈለገውን ጋሻው እምቢ ማለት አለበት።

ፕሮግራመሯ አልተዋጠላትም። «ቁልፉን ተጭኜ ካልታዘዘኝ ጨዋታው የተበላሸ ነው የሚመስለኝ። መቆጣጠሪያውን ከተጫዋቹ እጅ ቀማኸው ማለት ነው።» እውነቷን ነው፤ ሳይታይ የሚደረግ እምቢታ ብልሽት ይመስላል። ስለዚህ እምቢታው በግልጽ እንዲታይ ተስማማን። ቃታው ከ0.7 ሲያልፍ የነጋዴው ሕመም ጥቂት ይጀምርና ይቆማል፤ የጋሻው ጣቶች ከዚያ በላይ አይዘጉም። ተጫዋቹ መሳቡን ሲቀጥል ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ የክንዱ ጅማት ይገተራል፣ የቅንድቡ የውስጥ ጫፍ ይነሣል። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያሉት ሁለት የንዝረት ሞተሮች አንዱ ከባድ ሌላው ቀላል ስለሆኑ ከባዱን ለእርምጃ ትተን ቀላሉን ለዚህ መንቀጥቀጥ ሰጠነው። የተጫዋቹ ጣት ከጋሻው ጣት ጋር ይታገላል፤ ጋሻው ያሸንፋል።

ነጥብ አይቀነስም፤ ምንም ዓይነት የተግሣጽ ጽሑፍም አይወጣም። በዚህ ላይ ሁለታችንም ጸንተናል።

ሐሙስ

ለጋሻው ድምፅ የሚሰጡት አንጋፋ የመድረክ ተዋናይ መጡ። ጋሻው ቃል አይናገርም፤ ትንፋሽና ማጉረምረም ብቻ ነው። እኔ ወፍራምና የሚያስፈራ ድምፅ እንዲሰጡን ጠይቄያቸው ነበር። ሥዕሉን ረዘም አድርገው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ እኮ ድምፁን የሚፈራው ራሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ ከደረታቸው ጀምረው ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ የሚያፍኑት ድምፅ አሰሙን። ይነሣል፣ ሊያገሣ ይደርሳል፣ ይታፈናል። ባልደረባችን ማይክሮፎኑን አቅርቦ ደጋግመው እንዲያደርጉት ለመናቸው። «እርስዎ እንዳሉት ይሁን» ብዬ የቀድሞውን የድምፅ መመሪያ ሰረዝኩት።

ቅዳሜ

ሁለተኛው ሙከራ። አዲሶቹ ተጫዋቾች ነጋዴው ላይ ሲደርሱ እንደ ፊተኞቹ ቃታውን ሳቡ። ንዝረቱ ሲመጣ አንዷ መቆጣጠሪያውን ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ ስክሪኑን፣ ከዚያ የጋሻውን እጅ። «እምቢ አለኝ!» አለች፤ ቅር ብሏት ሳይሆን ተገርማ። ሌላው ግን ተበሳጭቶ እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ጥብቅ አድርጎ ስቦት ሄደ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጨዋታው ለሁለቱም ሠርቷል።

የቀሩኝ ሥራዎች አሉ። ጋሻው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ሲገባ የፍሬም ብዛቱ ይወርዳል፤ ከሩቅ ሲታይ የጣቶቹን አጥንቶች በመቀነስ እናቃልለዋለን። የ0.7 ወሰንም ለቁልፍ ሰሌዳ ተጫዋቾች ትንሽ ይጠባል፤ ፕሮግራመሯ ወደ 0.75 ከፍ ልታደርገው ነው።

ትልቁ ግን የነጋዴው ስድብ ነው። ማዶ ሲደርስ አያመሰግንም፤ አቧራውን አራግፎ እየተሳደበ ይሄዳል፤ ይህ እንዳለ ይቆያል። ነገር ግን ያሉን ስድቦች ጥቂት ስለሆኑ መሀል ወንዝ ላይ ይደጋገማሉ፤ የተደጋገመ ስድብ ደግሞ ሰውን አያናድድም፣ ያሰለቻል። ባልደረባችን ቢያንስ ሃያ አዳዲስ ስድቦች ይፈልጋል፤ ሁሉም ጋሻውን የሚያቆስሉ፣ አንዱም ብልግና የሌለበት። እስከ ማክሰኞ ጽፌ ማስረከብ አለብኝ።